በየሦስት ደቂቃው የሚሞተው ኮምፒዩተር

አሰላ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርከው የእህቴ ልጅ ለዘሪሁን
በርገን፣ ኖርዌይ

ከሦስት ዓመት በፊት ከምትኖርበት አገር ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የጉምሩክን ፈተና በትዕግሥት አልፎ ወደ ቤታችን የገባው፣ በጠባዩ ዝምተኛ፣ በሥራው ታማኝ የነበረው ኮምፒዩተራችን ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማረፉን የምገልጽልህ በታላቅ ሐዘን ነው።

ቀብሩን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። ማረፉ እርግጥ አይደለምና። ቁልፉን ሲጫኑት ይነሣል፣ ይጮኻል፣ ምልክቱ ብቅ ይላል፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ይኖርና ድርግም ብሎ ይሞታል። ትናንት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ሞቷል።

እንዴት ሰነበትክ? እኛ የጭላሎ ተራራ ከሚያወርድብን ብርድና ከወንድሜ ከአስናቀ በቀር ምንም አልሆንንም፣ ፈጣሪ ይመስገን።

የተቻለኝን ሕክምና አድርጌለታለሁ። መጀመሪያ ቀኝ ጉንጩን በጥፊ አልኩት። ጭካኔ እንዳይመስልህ፤ የአባቴ ሬዲዮ ሠላሳ ዓመት ዜና ያሰማን በጥፊ ነው። አልሰማ ሲለኝ ግራውን ደገምኩት። ከዚያ ወደ እርግጫ ተዛወርኩ። ሚስቴ ዘመናይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በቅሎ ነው እንዴ?» አለችኝ። በቅሎ ቢሆንማ መልሶ ይራገጥ ነበር። ይኼ አኩርፎ ጠቆረ እንጂ።

አስናቀ ይህን ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ኖሮ፣ «እሰይ፣ ኑዛዜውም አብሮ ተቀበረ» ብሎ ሳቀ። በእጄ የነበረው ስልክ ነው፤ ወረወርኩት። ዓይኔ እንደ ድሮው ነው፣ ግንባሩን አገኘሁት። የእሱ ግንባር አብጦ ብቻ ቀረ፤ የእኔ ስልክ ግን ለሁለት ተከፈለ። በወረቀት የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሙቢና ፎቶ አንሥታ በስልኳ ትልክልሃለች፣ የአንተንም መልስ አትማ ታመጣልኛለች። እንደማታነበው ምላለች።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። በእኔና በአስናቀ ቤት መካከል ያለችውን አራት ሜትር መሬት ታውቃታለህ። አያትህ አባባ ወንድይራድ በኑዛዜያቸው ለማን እንዳደረጓት እኔ አውቃለሁ፤ ለእኔ ነው። አስናቀም አውቃለሁ ይላል፤ ለእሱ ነው። ኑዛዜው ሦስት ገጽ ነበር። በአርባቸው ዕለት ሲነበብ ሁለተኛው ገጽ ላይ ድብድብ ተነሥቶ ንባቡ ተቋረጠ፤ አንባቢውም ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን ገጽ ያነበበ ሰው የለም። እኔም አላነበብኩትም። የማውቀውን ነገር ምን ብዬ አነባለሁ? ይሁን እንጂ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረተኛ ነኝና አርቄ አስቤ ሙቢና ሱቅ ስካን አስደርጌ ኮምፒዩተሬ ውስጥ አኖርኩት። ከእሷ ዘንድ እንዳይቀር ደግሞ ፋይሉን ዓይኔ እያየ አስጠፋኋት። ዋናውን ወረቀት አይጥ በላው።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች በአቶ ሀብተ ማርያም ሰብሳቢነት ተቀምጠው፣ «እስከ ኅዳር ጽዮን ገጽ ሦስትን አሳየን፤ ካላሳየኸን ምስክር ላቀረበው ለአስናቀ እንፈርዳለን» ብለውኛል። አስናቀም ኢተያ ላይ በስንዴ ንግድ ያበጠ ሰው ነውና ሱቅ ሊገነባባት ብሎኬት አራግፏል።

አንተ የኮምፒዩተር ሰው ነህ። መድኃኒቱን ጻፍልኝ። በየትኛው ጎኑ ነው የሚመታው?

አጎትህ እንደሻው ወንድይራድ


በርገን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ ለጋሼ እንደሻው

ጤናዎ እንደ ጭላሎ የጸና፣ ጥርስዎ ሙሉ፣ ቁጣዎ ጎዶሎ ሆኖ ይቆየኝ። እትዬ ዘመናይንም ይሳሙልኝ።

የኮምፒዩተሩን ነገር ሰምቼ አዘንኩ። አሟሟቱ እንደጻፉልኝ ከሆነ ግን በሽተኛው የሞተ ሳይሆን የተደበደበ ነው። በየትኛውም ጎኑ አይመታም፣ ጋሼ። በፊቱም፣ በኋላውም፣ ከላይም።

እኔ የኮምፒዩተር ሰው የተባልኩት መጋዘን ውስጥ ኮምፒዩተር በካርቶን ስለማሽግ ነው። ቢሆንም ከአሥር ዓመት ጉርብትና በኋላ ጠባያቸውን መልመዴ አልቀረም። እስኪ ረጋ ብለው ይህን ይዩልኝ። መብራቱን የሚያገኘው በቀጥታ ከግድግዳው ነው ወይስ በስታቢላይዘር? ሲነሣ ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል? ከኋላው ያለው ማራገቢያ ይዞራል? ሣጥኑን በእጅዎ ሲነኩት ይሞቃል? ደግሞስ ሙቢናን ያህል ልጅ አጠገብዎ እያለች ለምን እሷ አታየውም?

ስለ አራት ሜትሯ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመሬቱ ጉዳይ እኔን አይመለከተኝም። ሁለታችሁም አጎቶቼ ናችሁ። እናቴ እታገኘሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትሰናበተኝ፣ «በወንድሞቼ መሃል አትግባ፤ የገባ ይመታል» ብላኛለች። እሷ ሁለቴ ገብታ ነበር።

አክባሪዎ ዘሪሁን


አሰላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዘሪሁን

አምላክ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ እጅህ ከጉልበትህ አይጉደል። መልሴ የዘገየው ሦስት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ስለቆየሁ ነው። ከአስናቀ ጋር አንድ ክፍል አስገቡን። አስታራቂ መሆናቸው ነው። በማግስቱ የክፍሉን በር በአዲስ ለወጡት።

በጥያቄዎችህ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። መብራቱ በስታቢላይዘር ነው፤ ነበር ልበል። አንተ በጻፍክ በሦስተኛው ቀን አስናቀ ቤት አለመኖሬን አይቶ አጥር ዘሎ ገባ። ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደውን ገመድ በማጭድ ሊቆርጥ ሲል ገመዱ ቀድሞ መታው። ወርውሮ ጎመን መደቡ ላይ ዘረጋው። ስደርስ ፀጉሩ እንደ ቆመ ተንጋሎ አገኘሁት። የወደቀ ሰው መምታት ነውር ስለሆነ እስኪነሣ ጠበቅኩት።

ሲነሣ በርጩማ አቀመስኩት። እሱም የበርጩማውን እግር ነቅሎ ከላይ በኩል ሁለት ጥርሶቼን አራገፈልኝ። «ጥርስዎ ሙሉ ይሁን» ብለህ የመረቅከኝ ምርቃት አልያዘም፣ ሁለተኛ ሞክረው። ስታቢላይዘሩ በመሃል ተወርውሮ የአስናቀን የጎን አጥንት ያገኘው በማን እንደሆነ ጉዳዩ በምርመራ ላይ ስለሆነ ከመናገር እቆጠባለሁ። አሁን ኮምፒዩተሩ መብራት የሚያገኘው በቀጥታ ከግድግዳው ነው።

ድምፅ አዎ፣ ያፏጫል። ማራገቢያው ይዞራል፤ እንደ ኮምባይነር ያጓራል። ሙቀቱን በሚመለከት ሐሳብ አይግባህ። የጥቅምት ብርድ እንዳይነካው ገና መስከረም ሳይወጣ የሚገባውን ሁሉ አድርጌለታለሁ። ሲዳስሱት እንደ ትኩስ ዳቦ ነው።

ሙቢና ጎበዝ ልጅ ናት። ነገር ግን እጇን ካስገባችበት ኑዛዜው ለሳጉሬ ገበያ ይደርሳል። (ሙቢና፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ እንደማታነቢ መማልሽን አትርሺ።)

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች የሚደፉትን ሄልሜት ላክልኝ። አንድ ይበቃል። ሌላ ሰው ከጠየቀህ እንዳትሰጥ።

ጥርሰ ጎዶሎ አጎትህ እንደሻው


በርገን፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ

ፈውሱን ይላክልዎ። ጋሼ አስናቀም ጽፈውልኛል። ሄልሜት ነው የጠየቁኝ። «አንድ ይበቃል» ብለዋል።

ኮምፒዩተሩ የሚያፏጭ፣ የሚሞቅና በሦስት ደቂቃ የሚጠፋ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ አቧራ ሞልቶ አየር አጥቶ ይሆናል። ኮምፒዩተር ሲሞቅበት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ ይህ ከብዙ ሰዎች የተሻለ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። ከጎኑ ያሉትን ብሎኖች በመፍቻ ቀስ ብለው ፈትተው ክዳኑን ያንሡ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያውጡ። ስለት አይጠቀሙ። አይቸኩሉ። በሚሠሩበት ጊዜ ጋሼ አስናቀ በአጥሩ ቢናገሩ አይመልሱ።

የመሬቱ ጉዳይ ቀደም ብዬ እንዳልኩት እኔን አይመለከተኝም። ከአራት ሜትር አፈር የሁለት አጎቶቼ የቀሩ ጥርሶች ይበልጡብኛል። ለነገሩ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ያቺ መሬት የምትከፈተው በአስፋልቱ በኩል ነው ወይስ በጓሮ?

ዘሪሁን


አሰላ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዘሪሁን

ለሰላምታ ጊዜ የለኝም።

ከፈትኩት። ብሎኑ በመፍቻ እምቢ አለ፣ በሥጋ ቢላዋ ሄድኩበት። ቢላዋው ተሰበረ፣ በመሮ ጨረስኩት። አውራ ጣቴን ሁለቴ መትቻለሁ። ለስላሳ ብሩሽ ያልከው ስላልተገኘ ከአንጥረኛ ወናፍ ተውሼ ነፋሁበት፤ ሳሎኑ ጨልሞ ዘመናይ እየሳለች ወጣች። ውስጡ የአይጥ ጎጆ ከነባለቤቷ አገኘሁ። አባትሽ ኑዛዜ የበላው ነው ብዬ በቦታው ፈረድኩባት። ከዚያ ክዳኑን መልሼ፣ እንደነበረው ሸፍኜ አስነሣሁት።

ሦስት ደቂቃ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ። አስናቀ ዛሬ መሠረት መቆፈር ጀምሮ ነበር፤ ድንጋይ ወርውሬ አስቁሜዋለሁ፣ እሱም ወርውሮ ሁለት የመስኮት መስታወት አርግፎብኛል። እኔ ፋስ ስዬአለሁ። ገጽ ሦስትን በሰላም ካልሰጠኝ ሣጥኑን ፈልጬ አወጣዋለሁ።

በአስፋልቱ በኩል ነው። ለምን ጠየቅከኝ?

እንደሻው


በርገን፣ ኅዳር 17፣ እዚያው ዕለት

ጋሼ፣ ፋሱን ያስቀምጡ።

ኑዛዜው ሣጥኑ ውስጥ በወረቀትነቱ አልተቀመጠም። ተፈልጦ የሚወጣ ነገር የለም፤ ከፈለጡት ለዘለዓለም ጠፋ። ፋሱን ለጎረቤት ያውሱት። ለጋሼ አስናቀ አይደለም።

«እንደነበረው ሸፍኜ» ያሉት ምንድን ነው? በምን ነው የሸፈኑት?

የእኔ ጥያቄ እንዲያው ጥያቄ ነበር።

ዘሪሁን


አሰላ፣ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ዘሪሁን
በያሉበት

ጉዳዩ፦ በኅዳር ጽዮን ዕለት የተከሰተውን ስለማሳወቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል። «እርስዎ» ማለቴ ሳይገርምህ አይቀርም፤ ወደ መጨረሻው ምክንያቱን ታገኘዋለህ። ከዚህ በኋላ ግን በልማዴ እቀጥላለሁ፣ እጄ አልለመደውም።

ሰፈሩ አራት ቀን መብራት ስላልነበረው ሙቢና ደብዳቤህን ማተም አልቻለችም። መብራቱ የመጣው እሑድ፣ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ መልስ ሳሎኔ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ነው። አስናቀ ላክልኝ ያለህ ሄልሜት ስላልደረሰለት ብረት ድስት ደፍቶ መጣ። ሰብሳቢው አቶ ሀብተ ማርያም፣ «አስናቀ፣ በሽማግሌ ፊት ድስትህን አውልቅ» ቢሉት፣ «እሱ ፋሱን ያውልቅና» አለ። ፋሱ ከወንበሬ ሥር ነበር።

ኮምፒዩተሩን አስነሣሁት። ሁላችንም ተመለከትን። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስት ሊሞላ ሲል ሞተ።

«ይኸው፣ ፈጣሪም ፈረደ» አለ አስናቀ። «በሉ ፈርሙልኝ፣ ግንበኛው እየጠበቀኝ ነው።»

ፋሱን ብድግ አደረግሁት። በቃለ መሐላ የማረጋግጥልህ፣ ያነሣሁት በኮምፒዩተሩ ላይ ነበር። አስናቀ ግን የእሱ መስሎት በዱላ ክንዴን አለኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ያስቸግረኛል። «ና፣ አንተ ስንዴ ለቃሚ» ማለቴ ትዝ ይለኛል። «ና፣ አንተ መዝገብ ላሽ» ብሎኛል። በፋሱ ዛቢያ ድስቱን መታሁት፤ ድምፁ እስከ ቤተ ክርስቲያን ተሰምቷል ይላሉ። ድስቱ ወለቀ። ሁለተኛው ምት ድስት አላገኘም። አቶ ሀብተ ማርያም ሊገላግሉ ገብተው መነጽራቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ ማንን እንደሚመቱ ስላላዩ ሁላችንንም እኩል መቱን፤ በዳኝነታቸው አድልዎ የለባቸውም። ቁም ሣጥኑ ወደቀ። ዘመናይ ውኃ በባልዲ ደፋችብን። «ውሻ የሚለያየው በዚህ ነው» ብላ። አስናቀ ጉሮሮዬን ይዞ፣ እኔ ጆሮውን በቀሩኝ ጥርሶች ይዤ፣ በዚህ ዓይነት ወደ ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛ ተንከባለልን።

ተላቀቅን። አስናቀ ግንባሩ ተተርትሮ ዓይኑ ደም ሞልቶ ነበር። ፋሱን ለሁለተኛ ጊዜ አነሣሁ። የዚያን ጊዜ ለኮምፒዩተሩ ይሁን ለወንድሜ እኔም አላውቅም። ይህንን ለሌላ ሰው እንዳትናገር።

ፋሱ አየር ላይ እንዳለ ጎረቤታችን ኢፍቱ ገባች። ሲንቄዋን ይዛለች፣ በሠርጓ ቀን እናቷ የሰጠቻትን በትር። ምንም አልተጣደፈችም። መጥታ በእኔና በአስናቀ መሃል ቆመች።

«ዲሳ» አለች። «ተዉ።»

አርሲ ተወልዶ፣ ሲንቄ የያዘች ሴት የቆመችበትን ጥሶ የሚያልፍ ወንድ የለም፤ የእኛ አያቶች ከሸዋ ሲመጡ ይህን ባያውቁም እኛ ከጡት ጋር ነው የተማርነው። ፋሱ ከእጄ ወደቀ። የወደቀው በእግሬ አውራ ጣት ላይ ነው።

ኢፍቱ አስናቀን አየችው፤ ደሙ እየፈሰሰ ነው። የሚታሰርበት ጨርቅ ፈልጋ ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ ከኮምፒዩተሩ ላይ ቡልኮውን ገፈፈችና ጭንቅላቱን ጠቀለለችለት።

በምን ነው የሸፈኑት ብለህ ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸው ነው። ድሮ ዘመናይ በሠራችው ዳንቴል ነበር የምንሸፍነው። ዘንድሮ ብርዱ ስለከፋ ቡልኮ አለበስኩት፤ እጥፍ አድርጌ፣ ከኋላውም ነፋስ እንዳይገባው ጠቅጥቄ። እርቃኑን ብርድ ላይ ልተወው ኖሯል?

ወንበሮቹን አንሥተን፣ የአቶ ሀብተ ማርያምን መነጽር ከስብርባሪው ፈልገን ሳንጨርስ፣ እንደማታነብ የማለችው ሙቢና ደብዳቤህን ይዛ ደረሰች። ቡልኮውን አስናቀ ራስ ላይ አየችው። «ጋሼ፣ ዘሪሁንም የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው። ታፍኖ ኖሯል እኮ» ብላ ቁልፉን ተጫነችው። ተነሣ። ሦስት ደቂቃ አለፈ። አምስት። አሥር። እንደ ደህና ሰው በራ።

ሰብሳቢው መነጽር ስለሌላቸው ገጽ ሦስትን ያነበበችው ሙቢና ናት። የአባባን ቃል እንዳለ እገለብጥልሃለሁ፣ የመዝገብ ቤት ሰው ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም፦

«ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ይህን ወረቀት ሳይደባደቡ እዚህ ድረስ እንደማያደርሱት አውቃለሁ። ስለዚህ በመካከላቸው ያለችው አራት ሜትር፣ ከአስፋልቱ እስከ ጓሮው፣ ለልጄ ለእታገኘሁ፣ ከእሷም በኋላ ለልጇ ትሁን። ወንዶቹ አጥር ይጠሩላት።»

እኔና አስናቀ ተያየን። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ሳንማታ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ሲንቄ በቆመበት ዕርቅ ግዴታ ነውና በግ ታረደ፣ ተቃቀፍን፣ እሱም ቡልኮውን መለሰልኝ፣ በደም። በዚያው ማዕድ ላይ በአንድ ድምፅ የሚከተለውን ወስነናል።

ኮምፒዩተሩ ከጥቅምት ወር ጀምሮ ራሱን በተደጋጋሚ የተመታ፣ በመሮ የተከፈተ፣ በወናፍ የተነፋ በመሆኑ ሙሉ አእምሮ አለው ብለን አናምንም። ቃሉም ለማስረጃነት አይበቃም። ሽማግሌዎቹ ግን ችክ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የመሬቱ ጉዳይ እንደማይመለከትህ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ያረጋገጥክልንን ለሦስተኛ ጊዜ በፊርማህ አጽንተህ እንድትልክልን እንጠይቃለን። ሱቁን እኩል ለእኩል ጀምረናል።

ኢፍቱ ያን ዕለት የወሰደችውን ፋስ መልሳልኛለች።

አጎቶችህ
እንደሻው ወንድይራድ
አስናቀ ወንድይራድ


በርገን፣ ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበራችሁ አጎቶቼ

እንኳን ለዕርቅ አበቃችሁ። ይህን ደብዳቤ ሳነብ ዕንባዬ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ብላችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ስትፈርሙ አላየሁም፤ ያስታረቃችሁ እኔ መሆኔን ሳውቅ ደግሞ ኩራት ተሰማኝ።

የኮምፒዩተሩን አእምሮ በሚመለከት፣ ከስንት ዱላ በኋላ የአያቴን ቃል ሳያዛባ ከተናገረ ከቤተሰቡ ሁሉ ጤነኛው እሱ ነው። ገጽ ሦስትን ሙቢና ልካልኛለች። ሳታነበው ነው የላከችው። አቶ ሀብተ ማርያምም አዲስ መነጽር ገዝተው እንዳነበቡትና ማኅተም እንዳደረጉበት ነግራኛለች።

እናቴ በወንድሞቿ መሃል እንዳልገባ አደራ ብላኝ ነበር፤ አደራዋን ጠብቄ ነው የኖርኩት። አሁን ግን አያቴ ራሳቸው እዚያው መሃል ላይ አስቀምጠውኛል፣ አራት ሜትር ሰፍረው። ከልደት ቀጥሎ ባለው ሳምንት እመጣለሁ። የጀመራችሁትን ግንብ አታፍርሱት፤ ቀጥ ያለ መሆኑን ግን እዩልኝ። ፋሱን ኢፍቱ ዘንድ እንድትመልሱ እለምናለሁ፣ እኔም ስመጣ የማርፈው እሷ ቤት ነው።

ሰላማችሁን የምመኝ፣ የእታገኘሁ ልጅ
ዘሪሁን

እርማት፦ በጥቅምት 9 እና በኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከበርገን በተላኩ ሁለት ደብዳቤዎች ላይ «የመሬቱ ጉዳይ እኔን አይመለከተኝም» ተብሎ የተገለጸው በመረጃ እጥረት ምክንያት የተፈጠረ ስህተት ስለሆነ፣ ከጥቅምት 9 ጀምሮ «ይመለከተኛል» ተብሎ ታርሞ እንዲነበብ በአክብሮት አሳስባለሁ።